«ስንት ነው?» ከማለት በፊት

በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አስቤስቶስ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የግዥ ክፍል ግን አስቤስቶስ ይገዛልን የሚል ጥያቄ ደረሰው። ጥያቄው ጉድለት የለበትም፤ የሚፈለገው ዕቃ በስሙ ተጽፏል፣ የሚያስፈልግበት ክፍልም ይታወቃል። የግዥ ሠራተኛ ከዚህ በኋላ የሚያደርገው የታወቀ ነው። አቅራቢ ያፈላልጋል፣ ዋጋ ያወዳድራል፣ ከተገኘ ይገዛል፣ ካጣ «ገበያ ላይ የለም» ብሎ ይመልሳል።

በክፍሉ ይሠራ የነበረው ሎውረንስ ማይልስ ግን አቅራቢ ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት ጠያቂዎቹን «አስቤስቶሱ ምን ሊሠራላችሁ ነው?» አላቸው። መልሱ አጭር ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ዕቃዎች በቀላሉ እሳት በሚይዝ ቀለም ውስጥ እየተነከሩ ይወጣሉ። ሲወጡ ቀለሙ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። የእሳት አደጋ መከላከያ ደንቡ ደግሞ እንዲህ ያለው ወለል በአስቤስቶስ እንዲሸፈን ያዛል። ለካ የሚፈለገው እሳት የማይይዝ የወለል ልብስ ነው። ጉዳዩ በዚህ መልክ ለገበያው ሲቀርብ የማይቀጣጠል ወረቀት ተገኘ፤ ዋጋው ከአስቤስቶሱ ያነሰ፣ በገበያም ያለ።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። የእሳት ደኅንነት ኮሚቴው ወረቀቱን አልቀበልም አለ። ደንቡ አስቤስቶስ ይላላ! ወረቀቱ እሳት እንደማይይዝ ቢታይም ደንቡ ላይ የተጻፈው የዕቃው ስም እንጂ የሚሠራው ሥራ አልነበረም። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ደንቡ ተሻሻለና ወረቀቱ ሥራ ላይ ዋለ። አስቤስቶስ ለካንሰር የሚዳርግ መሆኑ በሰፊው የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ያ አንድ ጥያቄ ሠራተኞቹን ከምን ሊጠብቃቸው እንደሚችል በጊዜው የጠረጠረ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ስለ ግዥ ክፍል ፈጠራ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ሶፍትዌር ስለሚሄድ ነው። የኤሌክትሮኒክ ጨረታ፣ የመረጃ ትንተና፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። እነዚህ ሁሉ ጥቅም አላቸው። ነገር ግን የተሳሳተውን ዕቃ በፍጥነት የሚገዛ ክፍል መሣሪያው ዘመነ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። ፈጠራው የሚጀምረው የግዥ ሠራተኛው የመጣለትን ጥያቄ ከመፈጸሙ በፊት የመመርመር መብት ሲያገኝ ነው። ይህ መብት ደግሞ በራሱ አይመጣም። አለቃው ሊሰጠው፣ የሥራ መመዘኛው ሊደግፈው፣ አቅራቢውም ሊያምነው ይገባል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። (ከኢትዮጵያ አዋጆች በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከግዥ ክፍል የወጣ ዘዴ

ማይልስ በ1904 የተወለደ መሐንዲስ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የገባው በ1932 ሲሆን ሥራው ንድፍ ማውጣት ነበር። ወደ ግዥ የተዛወረው በኋላ ነው። እንደ እኔ እምነት ሁለቱንም ማወቁ ለሐሳቡ መወለድ ትልቅ ድርሻ አለው። ንድፍ የሚያውቅ ሰው ግዥ ክፍል ሲቀመጥ «ይህ ክፍል ከመዳብ የተሠራው ስለሚያስፈልግ ነው ወይስ ስለተለመደ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ተጠያቂው መሐንዲስም «አንተ ምን ታውቃለህ» ብሎ በቀላሉ አያባርረውም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረቱም፣ ኒኬሉም፣ መዳቡም ለጦር መሣሪያ ሲታደል ፋብሪካዎች የለመዱትን ዕቃ አጡ። ስለዚህ በግድ ምትክ ፈለጉ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ የግዥ ምክትል ፕሬዚዳንት ሃሪ ኧርሊቸር በዚህ መሐል አንድ ነገር ልብ አለ። በችግር የገባው ምትክ ብዙ ጊዜ ከዋናው ይረክሳል፤ አንዳንዴም ይሻላል። ጦርነት ያስገኘውን ነገር በሰላም ጊዜ ሆን ብሎ ማግኘት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ተነሣ። በ1947 ማይልስ ይህንኑ በሥርዓት እንዲያጠና ተመደበ። ውጤቱ ዛሬ ቫልዩ አናሊሲስ የምንለው ዘዴ ነው። በ1954 የአሜሪካ የባሕር ኃይል የመርከቦች ቢሮ ቫልዩ ኢንጂነሪንግ በሚል ስም ወሰደው። ማይልስም በ1961 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው።

ዘዴው ሲራቆት ጥቂት ጥያቄዎች ነው። ይህ ነገር ምንድን ነው? ምን ይሠራል? ስንት ያስወጣናል? ያንኑ ሥራ ሌላ ምን ሊሠራው ይችላል? እሱስ ስንት ያስወጣል? ጉልበቱ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ማይልስ የዕቃው ሥራ በአንድ ግስና በአንድ ስም ብቻ እንዲነገር ያስገድድ ነበር፤ «ሙቀት ይከልላል»፣ «ክብደት ይሸከማል»፣ «እሳት ያግዳል» እንደማለት። ሥራው በሁለት ቃል ሲነገር የዕቃው ስም ይጠፋል። ስሙ ሲጠፋ እስከዚያ ያልታዩ አማራጮች ይታያሉ። እስኪ ቢሮህ ውስጥ በየወሩ ከሚገዙት ነገሮች አንዱን ወስደህ ሞክረው። ስለ ብዙዎቹ በሁለት ቃል መመለስ እንደሚያቅትህ ታያለህ፤ ያቃተህም ማንም ጠይቆ ስለማያውቅ ነው።

ይህ ዘዴ ከምርምር ክፍል ሳይሆን ከግዥ ክፍል መውጣቱ ብዙም አይነገርም። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ የውስጡን ፍላጎትና የውጪውን ገበያ በየቀኑ አንድ ላይ የሚያይ ክፍል ግዥ ነው። መሐንዲሱ የሚያውቀው የራሱን ንድፍ ነው፤ ፋይናንስ የሚያየው ቁጥሩን ነው። ግዥ ግን ጠዋት ከጠያቂው ክፍል ጋር ሲነጋገር ውሎ ከሰዓት ከሃያ አቅራቢ ጋር ይገናኛል። እነዚያ አቅራቢዎች ደግሞ ለሌሎች ድርጅቶችም ይሸጣሉና ሌላው ያንኑ ችግር በምን እንደተወጣው ያውቃሉ።

ከጥያቄው የሚወጣው መልስ ዕቃ ላይሆንም ይችላል። ብሪስቶል ሲድሊ የተባለው የእንግሊዝ ሞተር አምራች በ1962 ለአንድ አነስተኛ የጄት አውሮፕላን ሞተር አዲስ ዓይነት ውል አመጣ። ደንበኛው ለጥገናና ለመለዋወጫ በየጊዜው ከመክፈል ይልቅ ሞተሩ በበረረበት ሰዓት ልክ ይከፍላል። ሞተሩ ቆሞ ሲጠገን የሚጎዳው አምራቹም ጭምር ሆነ፤ ስለዚህ እንዳይበላሽ አድርጎ መሥራት ጥቅሙ ሆነ። ሮልስ ሮይስ ኩባንያውን ሲገዛ ሐሳቡንም ወርሶ አስፋፋው። አየር መንገዶችም ለሞተር ጥገና ሲዋዋሉ የሚደራደሩበት ትልቅ ጉዳይ ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ኤርባስ ኤ350 የሚበረው በዚሁ ኩባንያ ሞተር ነው። አየር መንገድ የሚፈልገው የበረራ ሰዓት እንጂ መለዋወጫ አይደለም ብሎ ያሰበ ሰው ባይኖር ይህ የውል ዓይነት አይወለድም ነበር።

ሦስት ፕሮፎርማ

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። በአንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ የግዥ መጠየቂያው ቅጽ ተሞልቶ ይመጣል። ሞዴሉ ሳይቀር ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከባለፈው ዓመት ቅጽ የተገለበጠ ነው። ግዥ ሠራተኛው ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል፣ የዋጋ ማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል፣ ዝቅተኛውን ያሰምርበታል፣ ኮሚቴው ይፈርማል፣ ቃለ ጉባኤው ይያያዛል። ዕቃው ንብረት ክፍል ሲገባ ሥራው አለቀ። ከስድስት ወር በኋላ ዕቃው ቢበላሽ፣ መለዋወጫው ቢጠፋ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ባያስፈልግ ፋይሉ ንጹሕ ነው። ኦዲተር ቢመጣ ሦስቱ ፕሮፎርማ አሉ።

ይህ አሠራር በመጥፎ ሰዎች የመጣ አይደለም። ሦስት ዋጋ መጠየቅ ገዢና ሻጭ ተመሳጥረው የድርጅቱን ገንዘብ እንዳይበሉ የተበጀ መከላከያ ነው፤ ያለ እሱ የሚደርሰውን ጥፋትም እናውቃለን። ችግሩ መከላከያው የሥራው ሁሉ ግብ ሆኖ መቅረቱ ነው። ሦስቱ ፕሮፎርማዎች የሚያወዳድሩት አንድን ዕቃ ከራሱ ጋር ነው። ዕቃው ትክክለኛው መሆን አለመሆኑን ሠንጠረዡ ሊነግረን አይችልም። የማይልስን ጥያቄ የምንጠይቅበት ሣጥንም ቅጹ ላይ የለም።

«ሕጉ አይፈቅድም» የሚለውን ሰበብ ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። የግል ድርጅት የራሱን መመሪያ የሚያወጣው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ሰበቡ እሱን አይመለከትም። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ቢሆን የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ስፔሲፊኬሽን በተቻለ መጠን ዕቃው ሊሰጥ በሚገባው አገልግሎት ላይ እንዲመሠረት ይል ነበር። የሚፈልገውን ነገር አስቀድሞ በዝርዝር መግለጽ ለማይችል መሥሪያ ቤትም ሁለት ደረጃ ጨረታ የሚባል መንገድ ከፍቶለታል። መጀመሪያ ተጫራቾች ያለ ዋጋ የቴክኒክ ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ከእነሱ ጋር ከተመካከሩ በኋላ ስፔሲፊኬሽኑ ይስተካከልና ዋጋ ይጠየቃል። አዋጁ በኋላ በቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። በእነዚያ ዓመታት ግን በሩ ክፍት ነበር። ብዙ ሰው ያልገባበት ገብቶ ከመጠየቅ ይልቅ ዝቅተኛውን ዋጋ አስምሮ መተኛት ስለሚሻለው ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው መውቀስ ይከብደኛል። አዲስ ነገር ሞክሮ ከተሳካለት «ሥራህ ነው» ይባላል፤ ካልተሳካለት ተጠያቂ ነው። ባለፈው ዓመት የተገዛውን ደግሞ ከገዛ ማንም ምንም አይለውም። ስለዚህ አንድ ሥራ አስኪያጅ የግዥ ቡድኑን «አዲስ ሐሳብ አምጡ» ብሎ ስብሰባ ከመጥራቱ በፊት ይህን ሒሳብ መለወጥ አለበት። የሙከራ ግዥ የሚባል ነገር ይኑር። መጠኑ ትንሽ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ ምክንያቱ አስቀድሞ በጽሑፍ የጸደቀ፣ ውጤቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ የሚመዘገብ። ኦዲተሩም ከጅምሩ ይወቀው። ፊርማው ከሙከራው በፊት የሰፈረለት ሠራተኛ ይደፍራል።

ክራይስለር ያደረገው

ከዚህ በላይ ያለው ስለ ቡድኑ ነው። አብዛኛው አዲስ ሐሳብ ግን የሚገኘው አቅራቢው ዘንድ ነው፤ አቅራቢው ደግሞ ያለምክንያት አይሰጥም። ይህን ከክራይስለር የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

በ1980ዎቹ ማብቂያ ክራይስለር ከሦስቱ የአሜሪካ ትልልቅ መኪና አምራቾች ደካማው ነበር። በ1989 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ብቻ 664 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። ኤልኤች የሚል መጠሪያ የነበረው አዲስ የመኪና ፕሮጀክቱም ከተያዘለት በጀት በአንድ ቢሊዮን ዶላር ያልፋል ተብሎ ተሰግቶ ነበር። አቅራቢዎቹን የሚይዘው እንደ ዘመኑ ልማድ ነበር። ንድፉን ራሱ ያወጣል፣ በጨረታ ያወዳድራል፣ ዝቅተኛውን ይመርጣል። የውሉ ዘመን በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ሊወስድበት ለሚችል ሥራ ገንዘቡን ለአዲስ ማሽን የሚያወጣ፣ ምርጥ መሐንዲሱን የሚመድብ አቅራቢ የት ይገኛል?

ሁለት ነገሮች መንገዱን ጠረጉ። አንደኛው በ1987 አሜሪካን ሞተርስን መግዛቱ ነው። አሜሪካን ሞተርስ ትንሽና ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ ስለነበር መሐንዲሱን፣ ገዢውንና አምራቹን በአንድ ቡድን ማሠራትን፣ በአቅራቢዎቹም መታገዝን በችግር ለምዶት ነበር። ሁለተኛው ሆንዳን ማጥናቱ ነው። ከዚያም የግዥ ኃላፊው ቶማስ ስታልካምፕና ፕሬዚዳንቱ ቦብ ሉትዝ ትልልቆቹን አቅራቢዎች ሰብስበው ዋጋ ቀንሱ ከማለት ይልቅ ሐሳብ ስጡን አሉ። ትርፋችሁን አንነካም፤ እኛ ራሳችን የምናባክነውን አሳዩን። ስኮር የተባለው ፕሮግራም የተጀመረው እንዲህ ነው።

አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው። አቅራቢው ወጪ የሚቀንስበትን ሐሳብ በጽሑፍ ያቀርባል። ሐሳቡ የግድ ስለ ራሱ ምርት መሆን የለበትም። «ይህ ክፍል ከሚያስፈልገው በላይ ጥብቅ ልኬት ተጽፎበታል»፣ «ይህ ማሸጊያ ትርፍ ነው»፣ «ይህን ምርመራ ሁለታችንም እንደግመዋለን» ሊል ይችላል። ክራይስለር ሐሳቡን መርምሮ መልስ ይሰጣል። ከተቀበለው የዳነው ገንዘብ ለሁለት ይከፈላል። አቅራቢው ከፈለገ ከድርሻው ላይ ለክራይስለር ይተዋል፤ ይህም በአቅራቢነት ነጥቡ ላይ ይቆጠርለታል። ለምሳሌ የካናዳው ማግና ለሚኒቫኖቹ የውጪ ጌጥ እንጨት መሳዩን ማቴሪያል በሌላ እንዲተኩ ሐሳብ አቀረበ፤ ጥራቱ ያው፣ ዋጋው ያነሰ። ማግና በአጠቃላይ 213 ሐሳብ አቀረበ፤ 129ኙ ጸደቁ፤ 75.5 ሚሊዮን ዶላር ዳነ። ማግና ከዚህ ድርሻውን አልወሰደም። ለክራይስለር የሚሸጠው ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ።

በ1995 መጨረሻ ከአቅራቢዎች የመጡት ሐሳቦች 5,300 ደርሰው ነበር፤ ለክራይስለርም ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አድነዋል። የአቅራቢዎቹ ቁጥር ከ2,500 ወደ 1,140 ወረደ፤ ከቀሩት ጋር ያለው ውል ግን በአማካይ ከአራት ዓመት በላይ ሆነ። ስታልካምፕ በ1998 መጀመሪያ ላይ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ። የግዥ ኃላፊ ፕሬዚዳንት ሲሆን ማየት ለግዥ ሠራተኞች ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ የሚናገር ነገር ነው።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ሳነብ የማተኩረው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ሐሳቦቹ ይመዘገቡ የነበሩበት መንገድ ላይ ነው። ሐሳቡ ከማን መጣ፣ መቼ ቀረበ፣ ማን መረመረው፣ ስንት አዳነ፣ ሁሉም ጽሑፍ አለው። እኛ ዘንድ ገዢ ከአቅራቢ ጋር ተቀምጦ ሲወያይ ካዩት የመጀመሪያው ጥርጣሬ ጉቦ ነው፤ ጥርጣሬውም ከሜዳ አልመጣም። መፍትሔው ገዢውን ከአቅራቢው መለየት ሳይሆን ውይይቱን ከምሳ ግብዣ አውጥቶ ወደ መዝገብ ማስገባት ነው። የቀረበውን ሐሳብ ከግዥ ሌላ መሐንዲሱም፣ ፋይናንሱም የሚያየው ከሆነ፣ ጥቅሙም በምን ስሌት እንደሚከፈል አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ መቀራረብ የሚያስጠረጥርበት ምክንያት ይቀንሳል።

ሌላው መንገድ

በዚያው ዘመን፣ በዚያው በዲትሮይት አካባቢ፣ ጄኔራል ሞተርስ ተቃራኒውን ሞከረ። በ1992 ከአውሮፓ ቅርንጫፉ ኢግናሲዮ ሎፔዝን አምጥቶ የዓለም አቀፍ ግዥ ኃላፊ አደረገው። ሎፔዝ የነበሩ ውሎችን አፈረሰ፤ አቅራቢዎችን ዳግመኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ አጫረተ፤ ከባድ የዋጋ ቅናሽ ጠየቀ። ቡድኑን ተዋጊዎች ይላቸው ነበር፤ ትርፍ እስኪመለስ ድረስ ሰዓታቸውን በቀኝ እጃቸው እንዲያስሩ አደረገ። ቡድን በማነሣሣት ረገድ ችሎታ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ዋጋም ወረደ፤ ኩባንያው በጊዜው በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ቆጠበ።

አቅራቢዎቹ ግን ያወጡት አዲስ ንድፍ ለተፎካካሪዎቻቸው ይታያል እያሉ ያማርሩ ጀመር። አንድ አቅራቢ እንዲህ ካሰበ የሚያደርገው ግልጽ ነው፤ ምርጥ ሐሳቡን ለሌላ ደንበኛ ያስቀምጣል። ለጄኔራል ሞተርስ የተጠየቀውን ያቀርባል፣ በተጠየቀው ዋጋ። ሎፔዝ በ1993 ወደ ቮልስዋገን ሄደ፤ የንግድ ምስጢር ይዞ ሄዷል የሚል ትልቅ ክስ ተከተለ። በ1997 ጉዳዩ በስምምነት ሲዘጋ ቮልስዋገን 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና የአንድ ቢሊዮን ዶላር መለዋወጫ ከጄኔራል ሞተርስ ለመግዛት ተስማማ።

የሎፔዝ ቡድን ሰነፍ አልነበረም፤ ደፋርም ነበር። የሚለካው ግን በወረደው ዋጋ ነው። ስለዚህ ያገኘው የወረደ ዋጋ ነው። የስታልካምፕ ቡድን የሚለካው ከጠቅላላው ወጪ በዳነው ነበር፤ ስለዚህ ከሚፈለገው በላይ ጥብቅ የሆነ ልኬት፣ ድርብ ምርመራ፣ ትርፍ ማሸጊያ አገኘ። አንድ የግዥ ክፍል ምን እንደሚያገኝ አስቀድሜ ማወቅ ብፈልግ የሠራተኞቹን የዓመት መጨረሻ መመዘኛ ቅጽ ማየት ይበቃኛል። እዚያ ላይ «ካለፈው ዓመት ዋጋ የተገኘ ቅናሽ» የሚል ብቻ ካለ ሌላ ነገር አልጠብቅም። «ያስቀረው አላስፈላጊ ግዥ» የሚል መስመር ባገኝ ደስ ይለኛል። ከሁሉ ርካሹ ግዥ ያልተፈጸመው ነው፤ ግን በፕሮፎርማ ማወዳደሪያ ላይ ስለማይታይ የሚያመሰግነው የለም።

ጊዜ ከየት ይምጣ?

እዚህ ሲደረስ አንድ የግዥ ኃላፊ «መቼ ብዬ?» ሊል ይችላል። ትክክል ነው። ቀኑን ሙሉ እስክሪብቶ፣ ቶነርና ሳሙና ሲገዛ የሚውል ሰው ስለ ዕቃ ተግባር ሊያስብ አይችልም።

በ1983 የማኪንዚ አማካሪ የነበረው ፒተር ክራልዪች በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጣው ጽሑፍ ግዥዎችን በሁለት መመዘኛ እንድንለይ ሐሳብ አቀረበ። ለድርጅቱ ትርፍ ምን ያህል ይመዝናሉ? ለማግኘትስ ምን ያህል ያስቸግራሉ? ሁለቱም ዝቅ ያለባቸው፣ እንደ ጽሕፈት መሣሪያ ያሉት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ውል ተዋውለውባቸው ጠያቂው ክፍል ራሱ እንዲያዝዝ ቢደረግ ይሻላል። ዋጋቸው ከባድ ሆኖ ሻጭ የሞላባቸው ላይ ጠንከር ብሎ መጫረት ተገቢ ነው። ሁለቱም ከፍ ያለባቸው የስታልካምፕ ዓይነት ግንኙነት ይፈልጋሉ።

የቀረው አራተኛው ሣጥን ለኛ አገር ልዩ ትኩረት የሚሻ ይመስለኛል፤ ዋጋቸው ትንሽ፣ ማጣታቸው ግን አደገኛ የሆኑ ዕቃዎች። የውጭ ምንዛሪ ወረፋና የኤልሲ መዘግየት ያየ ሰው አንድ የጎማ ማኅተም ወይም ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ካርድ ፋብሪካ እንደሚያቆም ያውቃል። ቡድኑ ቫልዩ አናሊሲስን መለማመድ ከፈለገ ከዚህ ሣጥን ቢጀምር እመክራለሁ። ጥገና ክፍሉን ይዞ፣ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ምን እንደሚሠራ በሁለት ቃል ይናገር። አንዳንዱ አገር ውስጥ ሊቀረጽ ይችላል፤ አንዳንዱ በሌላ መደበኛ መጠን ይተካል፤ አንዳንዱ አንድ ዓይነት ሆኖ ለሁለት ማሽን ያገለግላል። ሁሉም ላይሳካ ይችላል። የተሳካው ግን ውጤቱ በወራት ውስጥ ይታያል፤ ከሌላ ክፍል የሚመጣውን ጥርጣሬም ያለዝባል።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው ምርጫም ይታሰብበት። ብዙ ድርጅቶች ግዥ ላይ የሚመድቡት በአካውንቲንግ ወይም በማኔጅመንት የተመረቀ ሰው ነው፤ እነሱ ያስፈልጋሉ። ግን ከአምስቱ አንዱ ማሽን ፈትቶ የሚያውቅ ቢሆን ሌሎቹ አራቱ የሚጠይቁት ጥያቄ ይለወጣል። ከጥገና ወይም ከምርት አንድ ሰው ለስድስት ወር ወደ ግዥ ማዛወር፣ ከግዥም አንዱን ወደዚያ መላክ ምንም በጀት አይጠይቅም።

እምነት ሲፈርስ

ክራይስለር በ1998 ከጀርመኑ ዳይምለር ጋር ተዋሐደ። ስታልካምፕ በ1999 ከኩባንያው ወጣ። በ2000 መጨረሻ ኪሳራ ሲመጣ አዲሱ አመራር ለአቅራቢዎች ሁሉ አንድ ማስታወቂያ ላከ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ጀምሮ ዋጋችሁን በአምስት በመቶ ቀንሱ። የኩባንያው ችግር እውነተኛ ነበር፤ ቅናሽ መጠየቁም ሊገባን ይችላል። ግን ደብዳቤው ሐሳብ ሲያመጣ ለኖረውም፣ ምንም ላላመጣውም እኩል ደረሰ። ለዓመታት ሐሳቡን ያካፈለ አቅራቢ ያንን ሲቀበል ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም። ከአቅራቢዎቹ አንዳንዶቹ አንቀንስም አሉ።

ስለዚህ አንድ ድርጅት ለአቅራቢዎቹ «ሐሳብ ስጡን» ከማለቱ በፊት ክፉ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ቢወስን ይሻለዋል። ሐሳብ ያመጣው ከሌላው የሚለይበት ነገር በውሉ ላይ ይጻፍ፤ የውሉ ዘመን ይሁን፣ የክፍያ ፍጥነት ይሁን፣ የቅናሽ ጥያቄ ሲመጣ የሚቆጠርለት ነጥብ ይሁን። ለአገር ውስጥ ትንንሽ አቅራቢዎች የክፍያ ፍጥነት ከሁሉ ይበልጣል፤ ዕቃ አስረክቦ ሦስት ወር ቼክ የሚጠብቅ ነጋዴ ስለ ደንበኛው ችግር የሚያስብበት ጊዜ የለውም። የቀረበ ሐሳብ ደግሞ በቁርጥ ቀን ውስጥ መልስ ይገባዋል፤ በሁለት ሳምንት ይሁን በሦስት፣ የተቀበልነውም ያልተቀበልነውም ከነምክንያቱ። ውድቅ የተደረገበትን ምክንያት በጽሑፍ ያገኘ አቅራቢ አስተካክሎ ይመለሳል፤ መልስ ያጣው ሐሳቡን ይዞ ወደ ሌላ ደንበኛ ይሄዳል።